ወደ ጅቡቲ የተላከው መልኬ

ባለፈው ማክሰኞ ገና ጎህ ሲቀድ ግቢያችን ውስጥ «ውሃ መጣ!» ተባለ። አራት ቀን ጠፍቶ ስለነበር ጎረቤት ሁሉ ባልዲና ጄሪካኑን እያንኳኳ ወደ ቧንቧው ተንጋጋ። እኔም በዚህ ዕድሜዬ ድሪያ ቀሚሴን ሰብስቤ ሮጥኩ። ደርሼ መክፈቻውን ስይዝ ግን ሳቅ አመለጠኝ።

«ምነው ቲቸር፣ ውሃ ያስቃል እንዴ?» አለችኝ ከኋላዬ የቆመችው።

«አክስቴን አስታውሼ ነው» አልኳት። ወረፋ ላይ ቆሞ የሚያልቅ ወሬ ስላልሆነ አልቀጠልኩላትም። እዚህ ልጻፈው።

ጊዜው ደርግ ነው፤ ከሶማሊያ ጦርነት በኋላ ካሉት ዓመታት በአንዱ። ዓመቱን ለይቼ ለማስታወስ ብዙ ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም፤ እርግጠኛ ያልሆንኩትን ደግሞ አልጽፍም። ወሩ ግን ኅዳር ነበር፤ ድሬ ዳዋ ለነዋሪዋ የምታዝንበት፣ ሌሊት አንሶላ ደርበን የምንተኛበት ወር። ዕድሜዬ ሃያ ሦስት ነበር።

ፊደል የቆጠርኩት ልጅነቴ ካለፈ በኋላ፣ መሠረተ ትምህርት ሲታወጅ ነው። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ እየተማርኩ ሰባተኛ ክፍል ደርሻለሁ። ቀን ቀን በልብስ ሰፊዎች ማኅበር ውስጥ የቁልፍ ቀዳዳ እሰፋለሁ። የቁልፍ ቀዳዳ ዓይን ይፈልጋል እንጂ ወሬ አይፈልግም፤ ለእኔ ተብሎ የተፈጠረ ሥራ ነበር። ድምፄ ከማነሱ የተነሣ አስተማሪያችን ስም ሲጠራ «አቤት» ማለቴን ሳይሰማ ሁለት ቀን ቀሪ አድርጎኛል። ሁለቱንም ቀን ከፊቱ ነበርኩ።

በዚያ ኅዳር እናቴ ባል አገኘችልኝ። ጅቡቲ በጸሐፊነት የሚሠራ፣ ዘመዶቹን የምናውቃቸው፣ አይጠጣም አይቅምም የተባለለት ሰው ነው። ሠርጉ ጥር ላይ እንዲሆን ተስማምቶ አንድ ነገር ብቻ ለመነ፤ መልኳን ልይ። የማውቀው ፎቶ ቤት ሁሉ ደግሞ ወረቀት ካለቀበት ሁለት ወሩ ነበር።

ጅቡቲ ከሄድኩ ትምህርቴ እዚያው ላይ ያበቃል። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና ሊደርስብኝ ሁለት ዓመት እንኳ አልቀረውም። ይህን ለእናቴ ልነግራት ስንት ማታ አፌን ከፍቼ መልሼ እንደገጠምኩት እኔ ነኝ የማውቀው። አባቴ ከሞተ ጀምሮ ብቻዋን ያሳደገችኝ ናት። እሷ ደስ ብሏት የሙሽራ አንሶላ ስትዘመዝም ከጎኗ ተቀምጬ መርፌ አቀብላት ነበር።

መላ ያመጣችው የአባቴ እኅት እትዬ በላይነሽ ናት። «ፎቶ ቢጠፋ ሰዓሊ ጠፋ እንዴ? ጋሽ ወርቅነህ ይሥላታል!» አለች። ጋሽ ወርቅነህ ከሟች ባሏ ጋር ባቡር ላይ የሠራ፣ ዕድሜ ልኩን የፉርጎ ቁጥርና የጣቢያ ስም ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ሲወጣ ከከተማው በስተሰሜን፣ በጀልዴሳ መንገድ፣ ምንጭ ካለበት ሸለቆ ውስጥ አትክልት ቦታ ይዞ ይኖር ነበር። ቤተ ክርስቲያንም ይሥላል፣ ሰውም ይሥላል።

ያኔ ከከተማ ለመውጣት የቀበሌ ይለፍ ያስፈልጋል። የቀበሌው ጸሐፊ «ለምን ጉዳይ?» ብሎ ሲጠይቃት አክስቴ ባልና ሚስት ብላ ነገር ከምታረዝም «ለአትክልት ጉብኝት» አለችው። እንዲሁ ተጽፎ ማኅተም ተመታበት።

የሄድነው ኡመር በሚባል የሶማሌ ሹፌር የጭነት መኪና ነው። ሎሚና ማንጎ ሊጭን በየሳምንቱ ወደዚያ ይወጣል፤ አምስት ሰዓት ላይ ይመለሳል። ከዚያ አይዘገይም። ድሬ ላይ ከስድስት ሰዓት በኋላ ሱቁም ሰዉም ይዘጋል፤ በዚያ ፀሐይ ሥራ የሚያስብ ወይ እንግዳ ነው ወይ አሞታል። እናቴ ሰማያዊ ቀሚሴን ሁለት ጊዜ ተኩሳ፣ የተውሶ ነጭ ጫማ አድርጋልኝ ሸኘችኝ። አክስቴ ለጋሽ ወርቅነህ ሐልዋ የሚባለውን ጣፋጭ በወረቀት ጠቅልላ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። ገና ከከተማው ሳንወጣ ጫፉን ቆርሳ ቀመሰችው።

«አቦ እትዬ በላይነሽ፣ ሙሽራዋ ይህች ናት?» አለ ኡመር። «ወላሂ ከተነሣን አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ምላስ የላትም እንዴ?»

«ምላስስ አላት። እንዳያልቅባት ቆጥባ ነው። አንተ ብትቆጥብ ይህ መኪናህ ይሰማ ነበር» አለችው።

ኡመር ሳቀ። እኔ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። የመንገዱ ግራና ቀኝ አሸዋና ግራር ነው፤ ግመሎች እሾኩን እንደ ጎመን ይቀነጥሱታል። ጠዋት ያ አገር የሚሸተው የቀዘቀዘ ድንጋይ ነው፤ ፀሐይ ወጥታ ሽታው እስኪጠፋ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ደስ የሚል ነገር ሳይ ሐዘኔን እረሳለሁ፤ ይህ ጠባይ ሲጎዳኝም ሲጠቅመኝም ኖሯል።

አንዲት ኮረብታ ስንዞር አረንጓዴው በድንገት ፊታችን ድቅን አለ። የቁልቋል አጥር፣ ከአጥሩ በላይ የማንጎና የጊሽጣ አናት፣ ከሥሩ ዘይቱን፣ ሎሚ፣ ሮማን። ሐምራዊ አበባ የደጁን ጎጆ ጣራ ሸፍኖታል። ዛፎቹ ግንድ ላይ በነጭ ቀለም ቁጥር ተጽፎባቸዋል፤ ልክ እንደ ፉርጎ። መደቦቹንም ባለቤታቸው «ፉርጎ አንድ»፣ «ፉርጎ ሁለት» እያለ ነው የሚጠራቸው።

ጋሽ ወርቅነህ ቀጭን፣ ባርኔጣው ከራሱ የሚበልጥ ሽማግሌ ነበር። አክስቴ የመጣንበትን ስትነግረው አንድ ጊዜ አየኝና መኮትኮቻ አቀበለኝ።

«ኧረ ጋሼ፣ ቀሚሷ! ቁጭ ትበልና ይሣሏት እንጂ።»

«ቁጭ ያለ ሰው አልሥልም፣ በላይነሽ። ቁጭ ያለ ሰው ሁሉ አንድ ነው፤ ጥርሱን ሊያስነቅል ተራ የሚጠብቅ ይመስላል። ፉርጎ ሦስትን ትኮትኩትልኝ፤ እኔ በዓይኔ እይዛታለሁ። ዛሬ የውሃ ተራዬ ነው።»

የውሃው ነገር እንዲህ ነው። ምንጩን የሸለቆው ገበሬዎች በተራ ነው የሚጠቀሙበት። ለአንዱ በስምንት ቀን አንድ ጊዜ፣ ለግማሽ ቀን ብቻ ይለቀቅለታል። ተራ የሚያስጠብቁ አንድ ኦሮሞ ሽማግሌ ከላይ ሆነው ውሃውን ይለቁና ይጣራሉ። ውሃው በዋናው ቦይ ይወርድና በየመደቡ አፍ ባለ የቆርቆሮ መዝጊያ ይከፋፈላል። ከመደቦቹ ሌላ ደግሞ አንድ ማፍሰሻ አለ፤ ጎርፍ ሲመጣ ውሃውን ወደ ደረቁ ወንዝ አሸዋ የሚያወጣ። ጋሽ ወርቅነህ ይህን ሁሉ በጣቱ እያሳየ አስረዳን። እኔ እንደ ትምህርት ያዝኩት። አክስቴ ዘይቱን ትበላ ነበር።

እሱ የቦዩን አፍ ሊጠርግ ወደ ላይ እንደወጣ ከኮረብታው «ቢሻን ዱፌ! ቢሻን ዱፌ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ውሃ መጣ ማለት ነው፤ ድሬ ያደገ ሰው ይህን ለመስማት አስተርጓሚ አይሻም።

አክስቴ ዘይቱኗን ጥላ ዘለለች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሳምንት ሦስት ቀን የምትመጣ ቧንቧ ስትጠብቅ የኖረች ሴት ናት። ለከተማ ሰው ውሃ ሲመጣ ሥራው መክፈት ነው፤ ቀድሞ የከፈተ ይቀዳል። ለአትክልተኛ ግን መጀመሪያ መዝጋት ነው። እትዬ በላይነሽ ከፊቷ ያገኘችውን መዝጊያ በሁለት እጇ መንጭቃ አወጣችው። የማፍሰሻው ነበር።

ውሃው ቡናማ ሆኖ፣ ቅጠልና ጉንዳን ተሸክሞ እየተንከባለለ መጣ። መደቦቹን ትቶ ወደ አሸዋው ታጠፈ። አሸዋው ደግሞ ይውጠዋል፤ ድምፁ እንኳ አይሰማም። የስምንት ቀን ተራ ዓይኔ እያየ ሄደ። አክስቴ ቆርቆሮውን እንደ ትሪ ይዛ «መጣ! መጣልን!» እያለች ትደሰታለች።

ያን ጊዜ ጮኽኩ።

«ዝጊው! እትዬ ዝጊው! እሱን አይደለም፣ ኧረ እሱን አይደለም!»

ዕድሜ ልኬን አንቱ ያልኳትን ሴት አንቺ አልኳት። ድምፁ ከየት እንደወጣ ሳላውቅ ቀሚሴን ወገቤ ላይ ሻጥ አድርጌ ቦዩ ውስጥ ገባሁ፤ አንዱ ነጭ ጫማ ጭቃው ውስጥ ቀረ። ቆርቆሮውን ነጥቄ ማፍሰሻው ላይ ተከልኩና በጉልበቴ ደገፍኩት። «ፉርጎ አንድን ክፈቺ! ቆርቆሮውን ወደ ላይ! ጋሼ፣ ይውረዱ እንጂ ምን ይጠብቃሉ?» አልኩ። ጋሽ ወርቅነህ አካፋውን ይዞ ሮጦ ወረደ። ኡመርም ጭነቱን ትቶ መጥቶ ድንጋይ አቀበለኝ፤ «አላህ! ምላሷን አገኘችው!» ይላል።

ማፍሰሻው ተዘጋ። ውሃው ወደ መደቦቹ ተመለሰ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ በየተራ ሞላቸው። ደረቅ አፈር ውሃ ሲጠጣ የሚያሰማውን ድምፅ በዚያ ቀን ነው የሰማሁት፤ እንደ ሕፃን ይጠባል።

ታጥበን ጥላ ሥር ተቀመጥን። ሆጃ፣ በወተት የተፈላ የቡና ገለባ፣ በጣሳ ጠጣን፤ ከሐልዋው የተረፈውን በላን። አክስቴ አፍራ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ጋሽ ወርቅነህ «እኔም ስጀምር እንዳንቺ ነው የከፈትኩት፣ አይዞሽ» አላትና ከባቡር በተረፈው ቀለሙ በሣጥን ጣውላ ላይ መሣል ጀመረ። ወደ እኔ አንድ ጊዜ እንኳ ዞር አላለም። ኡመር ጭነቱን ጨርሶ ክላክስ ሲያደርግ ሥዕሉም አለቀ።

እኔ ነበርኩ። ቦዩ ውስጥ ቆሜ፣ ቀሚሴ ወገቤ ላይ፣ ጭቃው እስከ ጉልበቴ፣ አንድ እጄ ወደ ፊት ተዘርግቶ፣ አፌ እስከ ጉሮሮዬ ተከፍቶ። የአንገቴ ደም ሥር እንኳ ተሥሏል።

«ውይ በሞትኩት!» አለች አክስቴ። «ይህ ለወንድ ይላካል? ይህማ ገበያ መሐል የምትጣላ ናት!»

«ሌላ እሥላለሁ» አለ ጋሽ ወርቅነህ። «ጸጥ ያለችውንም አሁን አይቻታለሁ፤ ኡመር ግማሽ ሰዓት ከታገሠን ትወጣለች። ቆንጆም ትሆናለች።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ንገሪኝ እስቲ፣ ልጄ። የትኛዋ ትሂድ?»

በዚህ ጉዳይ እስከዚያ ሰዓት ማንም አልጠየቀኝም ነበር። ጸጥ ያለችው ከሄደች ጥር ላይ እንደምዳር አውቄዋለሁ። ድምፄ ደግሞ ጠዋት ወደ ወጣበት ቦታ ገና አልተመለሰም ነበር።

«ይህችው ትሂድ» አልኩ።

አክስቴ አየችኝ፣ ቦዩን አየች፣ ጣውላውን አየች። ማፍሰሻውን የከፈተችው እሷ ናትና በዚያ ቀን የመከራከር አቅም አልነበራትም። «እናትሽ እንዳታይ ታዲያ» አለች ቀስ ብላ።

ቀለሙ ስላልደረቀ እስከ ድሬ ጉልበታችን ላይ ጋድም አድርገን፣ ከላይ የሙዝ ቅጠል ይዘንለት ተመለስን። እንዲያም ሆኖ የጀልዴሳ መንገድ አቧራ የሥዕሉ ሰማይ ላይ ተለጠፈ። አክስቴ ቤት ሦስት ቀን ከደረቀ በኋላ ጎረቤቷ ከድጃ፣ ጅቡቲ እየተመላለሰች የምትነግድ ሴት፣ በባቡር ወሰደችው። ለእናቴ «ቸኩላ ስለሄደች ሳላሳይሽ ሰደድኩት» ተባለ።

ደብዳቤው በታኅሣሥ መጨረሻ ደረሰ። ቤታችን ማንበብ የምችል እኔ ብቻ ስለነበርኩ ለእናቴ አነበብኩላት። መዝለል እችል ነበር፤ ግን ማንበብን የተማርኩት ለመዝለል አልነበረም። «ልጅዎ ብርቱ መሆኗን ከሥዕሉ ተረድቻለሁ። ነገር ግን እኔ ሁካታ የማልችል፣ ጸጥ ያለ ቤት የምመኝ ሰው ነኝና ይቅርታ ያድርጉልኝ» ይላል።

«ማን? አንቺን ነው ሁካታ የሚልሽ?» አለች እናቴ። «ያ ሽማግሌ የማንን ልጅ ነው የሣለው?»

ያኔ ሁሉንም ነገርኳት፤ ቦዩን፣ ጫማውን፣ የትኛዋ ትሂድ መባሌን፣ ሚኒስትሪውን። መርፌዋን አንሶላው ላይ ሰክታ ሰማችኝ። የምትቆጣ መስሎኝ ነበር።

«ሃያ ሦስት ዓመት ስንኖር ለእኔ አንድ ቀን ሳትጮኺ» አለችኝ፣ «ለቦይ ጮኽሽ?»

መርፌዋን ከአንሶላው መልሳ ነቀለች። «በይ እንግዲህ ተማሪ። ከዛሬ ወዲያ ግን እምቢ ስትዪ ለእኔ ንገሪኝ፤ ባይሆን ቀስ አድርገሽ» ብላ አንሶላውን ጨረሰች። አርጅቶ እስኪያልቅ ተኛሁበት፤ ጥሩ አንሶላ ነበር።

ሚኒስትሪውን አለፍኩ፤ ከዚያም ሌላውን። ሠላሳ አንድ ዓመት አስተማርኩ። ያገባሁት ዘግይቼ፣ በራሴ አፍ እሺ ብዬ ነው።

ከድጃ ከብዙ ዓመት በኋላ የዚያ ሰውዬ ቤት ገብታ ነበር። አግብቶ ወልዷል። ሥዕሉ የመመገቢያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል አለችኝ፤ ልጆቹ እራት አንበላም ሲሉ እናታቸው «ትጮኽባችኋለች!» እያለች ታስፈራራቸዋለች። አሁን የእኅቴ ልጅ አድራሻው ከተገኘ እናስመልሰው እያለች ትወተውተኛለች። ከወጣትነቴ ዘመን ሌላ ፎቶም ሥዕልም የለኝም፤ ቢመለስ ደስ ይለኝ ነበር፤ ይህን አልክድም። ግን እዚያው ትቆይ አልኳት። ጸጥ ያለችው እዚህ አለች፤ ሊያያት የፈለገ በሬን ያንኳኳ። ያችኛዋ ደግሞ ልጆች ታበላለች።