የእትዬ ዘይቱና የድመት አማቾች

ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ውስጥ እንደ እትዬ ዘይቱና አማች የበዛለት ሰው የለም። ኩታበር አማች አላቸው፣ ቦሩ ሜዳ አማች አላቸው፣ ስሙን የማላውቀው ገጠር ሁሉ አማች አላቸው። ሴት ልጅ ግን የላቸውም። ያላቸው አንድ ወንድ ልጅ ነው፣ እሱም ኮምቦልቻ ፋብሪካ ይሠራል፣ ገና አላገባም።

እሳቸው የሚድሩት ድመት ነው።

እኔ ጁነይድ እባላለሁ። ከሳቸው መደብ ፊት ለፊት ቁጭ ብዬ ለነጋዴው ድምፅ እቀዳለሁ። ያ በየሱቁ በር «ግቡ፣ ግቡ፣ ሳያልቅ ግቡ!» እያለ የሚያደነቁራችሁ ሁሉ እኔ ነኝ። ሴትም እሆናለሁ፣ ሽማግሌም እሆናለሁ። ከሰባተኛ ክፍል የወጣሁትም በዚሁ ነው፤ በትምህርት ቤቱ ማይክ፣ በርዕሰ መምህሩ ድምፅ «ዛሬ ትምህርት የለም» ብዬ። ተማሪው ቤቱ ገባ፣ እኔም ገብቼ ቀረሁ። ስለኔ ይሄ ይበቃል፣ ወሬው የሳቸው ነው።

እትዬ ዘይቱና የሚሸጡት ቅመም ነው። ጥቁር አዝሙድ፣ ኮረሪማ፣ በርበሬ፣ እርድ። ጣታቸው ከእርዱ የተነሳ ለጁምዓ ታጥበውም ቢጫ ነው። ድመቷንም ቅመም ነው ያሏት፤ ነጭ፣ ጥቁርና ቢጫ ተደባልቆ የተዘራባት ስለምትመስል። «ሦስት ቀለም ያላት ድመት ሁሌም ሴት ናት» ይሉኛል። አላመንኩም። ገበያውን ሙሉ ዞሬ ሦስት ቀለም ያላትን ሁሉ ጭራዋን እያነሳሁ አየሁ። ተቧጨርኩ እንጂ አንድ ወንድ አላገኘሁም። ለምን እንደሆነ እስከዛሬ ይገርመኛል።

አማችነቱ እንዲህ ነው። ሰኞ ሰኞ ገበሬ ይመጣና «አይጥ ጨረሰን» ይላል። እትዬ ዘይቱና ሚዛናቸውን አስቀምጠው «ሙሽራ ልስጥህ?» ይላሉ። ከዛ ምርመራ ነው። «ወተት አለ? ውሻ አለ? ድንጋይ የሚወረውር ልጅ አለህ?» ሰውየው የምር ሚስት ሊጠይቅ የመጣ ይመስል ያልበዋል። ካለፈ ግልገሏ ከረጢት ትገባለች። መንገድ መገንጠያው ላይ ሲደርስ ከረጢቱን ሦስት ጊዜ ያዞረዋል። የዞረች ድመት የመጣችበትን ትረሳለች፣ አትመለስም። ከዛን ቀን ጀምሮ ሰውየው አማች ነው። ገበያ በመጣ ቁጥር መደቡ ጋ ሳይቆም አያልፍም።

«አማቴ፣ ልጅዎ ደህና ናት፣ ትናንት ሁለት አይጥ ጣለች።»

«አልሀምዱሊላህ! ወፈረች ወይስ ከሳች?»

እንዲህ ሲያወሩ ብታዩዋቸው የሰው ልጅ ነው የምትሉት። የባቄላ እሸት ይዞ የሚመጣ አማች አለ፣ ባዶ እጁን መጥቶ ግማሽ ሰዓት የሚያወራ አማች አለ። እትዬ ዘይቱና ለሁሉም እኩል ደስ ይላቸዋል።

ገበሬው ደግሞ ወንድ አይፈልግም። «ወንድ ይዞራል፣ ሴት ቤት ትይዛለች» ይላል። ስለዚህ አራት ዓመት ሙሉ ሴት ሴቱን ዳሩ። ይሄ ነገር ወዴት እንደሚሄድ ማናችንም አላሰብንም። እኔ እንኳ ድሮም ሒሳብ አልወድም።

አንድ ሰኞ ታዲያ አብዱልወሀብ መጣ። አብዱልወሀብ የኩታበር ገበሬ ነው፣ ከአማቾቹ ሁሉ የመጀመሪያው። ትከሻው ላይ ያለው ከረጢት ይንቀሳቀሳል።

«አማቴ፣ የልጅ ልጆችዎን አመጣሁልዎ።»

«ስንት ናቸው?»

«ስድስት። ቤት ደግሞ አራት ቀርተዋል፣ አልያዝ ብለው።»

«ለጎረቤት አትሰጥም?»

«ጎረቤትማ ሞላ! አይጡ አልቆ አሁን ጫጩት እየበሉ ነው። ሚስቴ ወይ እኔ ወይ እነሱ ብላኛለች።»

እትዬ ዘይቱና የልጅ ልጅ ይመልሳሉ እንዴ? ተቀበሉ። ወሩ ሳያልቅ ሌሎች ሦስት አማቾችም ከረጢት ተሸክመው መጡ። በኛ መስመር ብቻ ሃያ ሦስት ድመት ቆጠርኩ፣ ሃያ አራተኛው ጫማዬ ውስጥ ተኝቶ ነበር።

«ጥፋተኛው ያ በየመደቡ የሚዞረው ጥቁሩ ወንድ ድመት ነው» አለ አብዱልወሀብ። «እሱ ከተኮላሸ ነገሩ አለቀ። እኔ በጌን ራሴ ነው የማኮላሸው፣ እጄ ለምዷል።» ለሦስት በብርድ ልብስ ያዝንለት። ድመቱ አብዱልወሀብ ክንድ ላይ ከኩታበር እስከ ደሴ ያለውን መንገድ ሁሉ ሳለበት። «በሬ እንኳ እንዲህ አልሰደበኝም!» እያለ ግን ጨረሰው። ጥቁሩ ሳምንት ሙሉ አኩርፎ ጠፋ።

ሁለት ወር ቆይቶ ቅመም አምስት ወለደች። አንዳቸውም ጥቁር አይደሉም። የወለደችውም በጋሽ በላቸው መጋዘን፣ የነጭ ጤፍ ጆንያ ውስጥ ነው።

ጋሽ በላቸው ከእትዬ ዘይቱና አጠገብ እህል የሚሸጡ ሰው ናቸው። ክፉ አይደሉም። ድሮ አይጥ ጆንያቸውን ሲበሳ ድመት የለመኑት ራሳቸው ናቸው። የዛን ቀን ግን ጤፍ ሊሰፍሩ ቁናውን ሰደው ያገኙትን ነገር እኔ አልናገርም። ደንበኛዋ ጮሃ ሄደች። ጋሽ በላቸው ወጥተው ድምፃቸውን ሳይጨምሩ፣

«ዘይቱና፣ ስሚኝ። ድመትሽ ከዚህ በኋላ አንድ ጊዜ ከወለደች የአይጥ መርዝ በሥጋ አድርጌ ነው የማስቀምጠው። በማርያም ምያለሁ» አሉ።

ቢጮሁ ይሻል ነበር። ጋሽ በላቸው በማርያም ምለው ያፈረሱትን መሐላ ሰው አያውቅም።

እትዬ ዘይቱና ግልገሎቹን በስንት ልመና አስወሰዱ። ግን ምን ዋጋ አለው፣ ቅመም ጡቷ ሳይደርቅ ጣሪያ ላይ ወጥታ መጣራት ጀመረች። ሥሯ ሦስት ወንድ ተሰልፏል።

ልጃቸው ከኮምቦልቻ የአንዲት የእንስሳት ሐኪም ስልክ ላከ፣ ዶክተር እየሩስ የምትባል። የከብትና የዶሮ ሐኪም ናት። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ ያዝኩላቸው።

«ወንዱን አኮላሻችሁት? ያለ ማደንዘዣ?» አለች ዶክተሯ። «ምን አድርጓችሁ ነው? አንዱን ብታስቀሩ ሌላው ከወዲያ ሰፈር ይመጣል። አንድ ወንድ ለሁሉም ይበቃል። መዘጋት ያለባት ሴቷ ናት።»

«መዘጋት ማለት?»

«ሆዷን ከፍቼ ማህፀኗን አወጣዋለሁ።»

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ አየሁት።

«እማማ፣ አሉ?» አለች ዶክተሯ። «እዚህ የሚመጣልን የከብት መድኃኒት ነው። ለድመት የሚሆን ማደንዘዣ ያለኝ ለአንድ ብቻ ነው፣ መቼ ሌላ እንደሚመጣ አላውቅም። ከቻሉ ሐሙስ ያምጧት። ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ምንም እንዳትበላ።»

«ትጹም ነው የምትይኝ?»

«አዎ፣ ትጹም።»

«ሰሁርስ?»

«ምን አሉኝ?»

«ሌሊት ሰሁር አትበላም?»

«አትበላም እማማ።»

አዲስ አበባ የድመት ሐኪም አለ፣ ግን እዛ ለአንዲት ድመት የሚጠየቀውን ብር ስሰማ የግመል ዋጋ መስሎኝ ነበር። ስለዚህ ወይ ሐሙስ ነው፣ ወይ የጋሽ በላቸው መርዝ።

እትዬ ዘይቱና መስጊድ ሄደው ሸሁን ጠየቁ። «ምን አሉዎት?» አልኳቸው።

«ከሁለት ጉዳት ቀለል ያለውን ያዢ አሉኝ።»

«ጥሩ ነዋ!»

«ቀለል ያለው የቱ እንደሆነ ግን አልነገሩኝም» አሉና ኮረሪማ መፈልፈል ቀጠሉ። ቆይተው ደግሞ «ሙሽራ መዳሩ ከቀረ፣ አማቹስ መደቤ ጋ ለምን ይቆማል?» አሉ። ለኔ አልነበረም የሚናገሩት።

ሐሙስ ጠዋት የዘይት ካርቶን በስቼ መጣሁ። ቅመም የጋሽ በላቸው ጆንያ ክምር ጫፍ ላይ ጉብ ብላለች። ካርቶኑን አይታለች፣ አትወርድም። በሰላሙ ቀን እትዬ ዘይቱና «ቅሜ፣ ቅሜዋ፣ ነይ እናቴ» ካሉ ከየትም ትመጣለች። የዛን ቀን ግን አፋቸውን በሻሻቸው ያዙ።

«በኔ ድምፅ ጠርቻት ቢላዋ ላይ አልጥላትም። አንተ ጥራት።»

ይሄማ ለኔ ምንድነው? የሳቸውን ድምፅ ልጃቸው እንኳ በስልክ አይለየውም፣ አንዴ «እሺ እማ» ብሎኝ ግማሽ ሰዓት ችግሩን ነግሮኛል። ጉሮሮዬን ጠርጌ «ቅሜ፣ ቅሜዋ፣ ነይ እናቴ» አልኩ። ጋሽ በላቸው ከውስጥ «ምን ሆንሽ ዘይቱና?» ብለው ወጡ።

ቅመም ጆሮዋን አዞረች። እኔን አየችኝ። ከዛ እትዬ ዘይቱናን አየች፣ አፋቸው ዝግ ነው። ተመልሳ እግሯን መላስ ጀመረች።

«ወይኔ ጁነይድ!» ሳቁ ጋሽ በላቸው። «ለካ ከትምህርት ቤት የተባረርከው ችሎታ አንሶህ ነው!»

ሁለተኛ ሞከርኩ፣ በቀስታም፣ በቁጣም። ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል። ድመቷ ግን ዞር ብላም አላየችኝም። ምኑን እንዳወቀችብኝ እስካሁን አልገባኝም፤ ሰው የሚያታልል ድምፅ ድመት ለምን አያታልልም?

ጋሽ በላቸው ሳቃቸውን አቆሙ። «ዘይቱና፣ እኔ እኮ ምያለሁ» አሉ። ሲለምኑ ነው የሚመስሉት።

«አውቃለሁ በላቸው።»

እትዬ ዘይቱና ሻሻቸውን ከአፋቸው አወረዱ። «ቅሜ» አሉ። የራሳቸውን ድምፅ እንኳ አይመስልም፣ የተሰነጠቀ ነገር ነው። እኔ እንደዛ አድርጌ ብቀዳ ነጋዴው ድገም ይለኝ ነበር። ቅመም ተነሳች፣ ተንጠራራች፣ ጆንያውን እንደ ደረጃ ወርዳ እግራቸው ሥር ቆመች።

ራሳቸው አንስተው ካርቶኑ ውስጥ አስገቧት። ተሸክሜ ወደ መኪናው ስታጠፍ፣

«እንዳታዞራት!» ብለው ጮሁ። «ይቺ ትመለሳለች እኮ!»

ቀጥ ብዬ፣ እንደ ወታደር፣ ሳልዞር ሚኒባስ ገባሁ። ችግሩ ግን የሀረጎ ቁልቁለት ነው። ደሴን ለቆ ኮምቦልቻ ለመውረድ መንገዱ ራሱ መዞር ነው። እትዬ ዘይቱና በየኩርባው ሙስበሃቸውን አንድ አንድ ፍሬ እየሳቡ ይቆጥራሉ። «ሃያ ሰባት... ያ ረቢ፣ ሃያ ስምንት...» ሾፌሩን «ቀስ ብለህ ዙር ልጄ» ይሉታል። ካርቶኑ ሲጮህ አንዱ ተሳፋሪ «እማማ፣ ምን ይዘው ነው?» አላቸው። «የአማቾቼን አማት» አሉት።

«እትዬ፣ አይጨነቁ» አልኳቸው። «ስንመለስ በግልባጩ ስለምንዞር ይፈታል።»

«እውነት?»

«ወላሂ!» አልኩ። አላህ ይማረኝ፣ የማውቀው ነገር የለም።

ዶክተር እየሩስን ትልቅ ሰው አድርጌ ነበር የጠበቅኳት። ልጅ እግር ናት፣ አጭር፣ የበግ ጠረጴዛ ጋ በርጩማ ላይ ቆማ ነው የምትሠራው። እኛ ውጪ ቁጭ አልን። ኮምቦልቻ ይሞቃል፣ እትዬ ዘይቱና ግን ጋቢያቸውን አላወለቁም። ብዙ ቆይታ ዶክተሯ ወጣች፣ ጎድጓዳ ሰሃን ይዛለች።

«አልቋል፣ ደህና ናት። ማየት ይፈልጋሉ?»

እኔ ቀድሜ አንገቴን አስገባሁ። ትልቅ ነገር ጠብቄ ነበር። አንድ ቀጭን ነገር ነው፣ እንደ ባላ እንጨት ለሁለት የተከፈለ፣ ከጫማ ማሰሪያ ብዙም የማይወፍር። እትዬ ዘይቱና ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ አዩት።

«ይሄ ነው ያን ሁሉ አማች ያመጣልኝ?» አሉ። «አጃኢብ!»

ስንመለስ ቅመም ሀረጎ ላይ ነቃች። የሰከረ ሰው ድምፅ አውጥታ ሚኒባሱን አሳቀችው። ያንን ድምፅ እችለዋለሁ፣ ስትፈልጉ ኑ።

ስፌቷ እስኪደርቅ ያረፈችው በጋሽ በላቸው ባዶ ጆንያ ላይ ነው። ማን እንዳነጠፈላት ጠይቄ ነበር፣ ጋሽ በላቸው «እኔ ምን አውቃለሁ» አሉኝ። እትዬ ዘይቱና ግን ልባቸው አልተመለሰም። ሰኞ ሲመጣ ገበሬው «ሙሽራ አለ?» ይላል፣ እሳቸው «ጨርሻለሁ ልጄ» ይላሉ፣ እሱም ያልፋል። አብዱልወሀብም ሦስት ሰኞ ሳይታይ ቀረ።

ከዛ ዶክተሯ ደወለች፤ ለሁለት ድመት የሚሆን ማደንዘዣ መጥቷል። «ለአማቾቹ በድምፅ ማጉያ ልጥራልዎ?» አልኳቸው፣ ድምፃቸውን እያዘጋጀሁ።

«አንተ ዝም በል፣ ራሴ ነኝ የምጠራቸው» ብለው ማይኩን ነጠቁኝ። «አማቾቼ፣ ግልገል የለኝም። ልጆቼን ግን ለሐኪም አምጡልኝ፣ እኔ አደርሳቸዋለሁ።» ይቺን ብቻ ቀዳሁ፣ ገበያው ሲሰማት ዋለ።

በሚቀጥለው ሰኞ አብዱልወሀብ ከረጢት ተሸክሞ ብቅ አለ። ከረጢቱ ይንቀሳቀሳል። ጋሽ በላቸው ከወንበራቸው ተነሱ።

«አንተ! ስንት ናቸው?»

«አንድ ናት ጋሽ በላቸው።»

ከረጢቱን ፈታ አደረገው። ትልቅ ድመት ናት፣ ባለ ሦስት ቀለም፣ ፊቷ ቁርጥ ቅመምን። ኮምጨጭ ብላ ሁላችንንም አየችን። እትዬ ዘይቱና በቢጫ ጣታቸው ግንባሯን ነኩት።

«ከቤት ስትወጣ አዙረሃታል?» አሉት።

«አላዞርኳትም አማቴ። ይዣት እመለሳለሁ እኮ።»

ጋሽ በላቸው ቁናውን ከእጃቸው አስቀመጡና የቅመምን ካርቶን ሊያመጡ ገቡ።