የክፉ ቀን ጥንቸሎች

ዛሬም ከሚሴ ገበያ ዳር እርጥብ ሣር ታጭዶ በተከመረበት ሳልፍ እግሬ ያዝ ያደርገኛል፤ ያ ሽታ ይዞኝ ሄዶ ጓሯችን ውስጥ፣ አባቴ በሽቦና በአሮጌ ቆርቆሮ ከሠራው የጥንቸል ቤት ፊት ያቆመኛል።

አባቴ በልጅነቱ በድርቅ ሁለት ታናናሾቹን የቀበረ ሰው ነበርና ዝናብ ትንሽ ከዘገየ እንቅልፍ አይወስደውም። አንድ ቀን ከኮምቦልቻ ሁለት ጥንቸሎች በካርቶን ይዞ መጣና፣ ላም ድርቅ ይጨርሳታል፣ ዶሮም በሽታ፣ ጥንቸል ግን ቅጠል ብቻ ካገኘች ትራባለች አለን። እናቴ፣ መራቡንማ እኛም እናውቅበታለን ብላ ሳቀችበት። ሼኹ ሥጋው ሐላል ነው ቢሏትም ለእሷ ያው የድመት ሥጋ ነው። አባቴ ከዶሮ ይጣፍጣል እያለ ይምላል፣ እኛ እንስቃለን፤ የክፉ ቀን ናቸው እያለ ግን አንድም ሳያርድ ጓሮውን ሞሉት።

ክፉው ቀን መጣ። የጨፋ ሜዳ ማሽላ እንደቆመ ደረቀ፣ አባቴም ለአረፋ እመለሳለሁ ብሎ በባሕር ወደ ሳውዲ ሄደ። እህሉ እያለቀ ሲሄድ እናቴ ጥንቸልና ቢላ ይዛ በር ላይ መቆም ጀመረች፤ በእኛ ሰፈር ሴት አታርድም፣ ዶሮም ብትሆን አላፊ ወንድ ትጠብቃለች። ለዶሮ የሚሮጠው ሁሉ ግን ጥንቸሏን ሲያይ አንዱ ቸኩያለሁ ይላል፣ ሌላው ወላሂ አርጄ አላውቅም ብሎ እየሳቀ ያልፋል። እሷም መልሳ ታስገባታለች፣ «ተዉ፣ አባታችሁ ሲመጣ ያርዳታል» ትለናለች፤ እኛም ጥቂት ንፍሮ ቆርጥመን እንተኛለን።

አረፋ አለፈ። አብሮት የሄደ የሰፈራችን ሰው ተመልሶ ጀልባዋ መስጠሟን ነገረን። ጎረቤት ተሰብስቦ ዱዓ አደረገ፣ እናቴ ግን ሬሳውን ሳላይ አላምንም ብላ «ሲመጣ» ማለቷን አልተወችም።

ከዚያ ትንሹ ወንድሜ በረሃብ ደክሞ ከተኛበት መነሳት አቃተው። በማግስቱ ጠዋት እናቴ ትልቋን ጥንቸል ስታወጣ አይቼ፣ እንደ ልማዴ አላፊ ወንድ ልጠራ ወደ በሩ ሮጥኩ።

«ተመለሽ ልጄ፣ የምንጠብቀው ሰው የለም» አለችኝ።

ወደ ቂብላ ዞራ፣ ቢስሚላህ ብላ ራሷ አረደቻት። በመርዶው ቀን ያላለቀስኩት እኔ ሥጋው አፌ ውስጥ እያለ አለቀስኩ። ወንድሜ በላና ዳነ፣ አልሐምዱሊላህ። አባቴ ይምል እንደነበረው ከዶሮ ይጣፍጥ ነበር፤ ይኸው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝም መጣፈጡ ነው።