የማይጾሙ ዓሣዎች

«እህትህ ቤቷ መጥታ እንኳ ለምን አትተኛም?» ይሉታል የሐይቅ ከተማ ሰዎች አብዱልከሪምን። እሱም ወሬ ይቀይራል።

እህቱ ዑምኩልሱም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የአንጎል ሕመም ተመራማሪ ናት። የምትመራመረው እንደ ሜዳ አህያ መስመር መስመር ባለው፣ ጣት በማያክል ዓሣ ላይ ነው። የሚጥል በሽታ ያለባቸውን እያረባች የትኛው መድኃኒት እንደሚያስታግሳቸው ታያለች።

«ዓሣ ይጠበሳል እንጂ ይታከማል እንዴ?» ትላታለች ጎረቤታቸው እትዬ ዙሌይካ።

አብዱልከሪምን ይኸው በሽታ ከልጅነቱ ጀምሮ ይጥለዋል። እህቱ ትምህርቱን የመረጠችው ለሱ ብላ ነው፤ ቤት ስትመጣም ሌሊቱን ትንፋሹን ስታዳምጥ ታነጋለች።

ዘንድሮ በረመዳን፣ እሷ ሐይቅ መጥታ ሳለ፣ ቀትር ላይ በረንዳው ላይ ወደቀ። ሲነቃ በጎኑ ተኝቷል፤ የእህቱ ሻሽ ታጥፎ ከራሱ ሥር ገብቷል። ዙሌይካ እንደ አገሩ ልማድ ጭሱን ልታስሸትተው ክብሪት ይዛ ቆማለች።

«ተይው እትዬ፣ አልፎለታል» አለች ዑምኩልሱም። ወደ እሱ ዞራም፣ «ወንድምዓለም፣ የጠዋቱን ኪኒን ውጠሃል?»

«ጾም ይዤ?»

ጾሙ ከገባ ጀምሮ የጠዋቱን ትቶታል።

«የኔ ዓሣዎች አይጾሙም» አለች ዑምኩልሱም። «ጾሙ ሳይገባ ስለ ኪኒኑ ልጠይቅህ ይገባ ነበር።»

ለሐኪሙ ደውላ ተማከረች። አንዱን ኪኒን በማፍጠሪያ፣ ሌላውን ጎህ ሳይቀድ በሚበላው በስሑር እንዲውጠው ተስማሙ።

ፀሐይ ጠልቃ የመግሪብ አዛን ሲሰማ፣ አብዱልከሪም በቴምር ካፈጠረ በኋላ ኪኒኑን ፊቷ ዋጠ።

«የስሑሩን እኔው እውጣለሁ። አንቺ ተኚ እታለም።»

ሾርባዋን ሳትጨርስ ጋደም አለች። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ እንቅልፍ ወሰዳት።