የእጃጂዋ ማር ቀማሽ

አዴ ሲንቄ እጃጂ ገበያ ላይ ሠላሳ ዓመት ማር ነግደዋል። ስኳር የተበጠበጠበትን ማር ከንጹሑ በምላሳቸው ስለሚለዩ፣ እሳቸው «ይሄ ማር ነው» ካሉ ከአምቦ የመጣ ነጋዴ እንኳ አይከራከርም።

በ2010 ዓ.ም. ዓይናቸው ሲፈዝና ጥማቸው አልቆርጥ ሲላቸው ጤና ጣቢያ ሄዱ፤ የስኳር በሽታ አለብዎት ተባሉ። ነርሷ ናኦሚ ኪኒን ሰጥታ አመጋገባቸውን አስተካከለችላቸው። ሻይ ያለ ስኳር፣ እንጀራ በልክ፣ ጎመን በብዛት፤ ሴትዮዋ እንደ ሱባኤ ያዙት። ስኳሩ ግን ከሦስት መቶ ንቅንቅ አላለም።

«እንዲህ ከቀጠለ ዓይንዎን ያጣሉ» አለቻቸው።

አንድ ቅዳሜ ናኦሚ ራሷ ማር ልትገዛ ገበያ ወጣች። አዴ ሲንቄ ከየባልዲው በማንኪያ እየጨለፉ ይልሳሉ። አንድ፣ አምስት፣ አሥራ ሰባት!

«አዴ ሲንቄ! ማር አይብሉ አላልኩም?»

«መች በላሁ? ሥራ ላይ ነኝ እኮ!»

እውነታቸውን ነው። ያቺን ማንኪያ አንድም ቀን ምግብ ብለው ቆጥረዋት አያውቁም። ደማቸው ግን አንዷንም ሳይዘነጋ ቆጥሮ ኖሯል። ይህ ሲገባቸው ፍርሃት ወረራቸው።

«እንግዲያው ቀምሰው ይትፉት» አለች ናኦሚ።

ማር መትፋት! እጃጂ ላይ ማር የሚተፋው የተጭበረበረ ሲሆን ብቻ ነው። በሳምንቱ ማር ሊሸጡ የመጡትን የሽማግሌውን የኦቦ ዱጋሳን ማር ቀምሰው ጣሳ ውስጥ እንትፍ ቢሉ፣ በዙሪያው ያለ ሰው ሁሉ ወደ ባልዲው ዞረ። የሽማግሌው ፊት ተለዋወጠ።

«ሲንቄ፣ በስተርጅና አጭበርባሪ ልታደርጊኝ ነው?»

ለጎረቤት እንኳ ያልነገሩትን ሕመም አደባባይ ከማውጣት በቀር መውጫ አልነበራቸውም።

«ማርዎ ንጹሕ ነው ኦቦ። ስኳሩ ያለው እኔ ደም ውስጥ ነው። ዓይኔ ሊጠፋ ነው።»

ኦቦ ዱጋሳ ጣሳውን አንስተው ራሳቸው ያዙላቸው። «ታዲያ ትፊዋ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።»

ሦስት ወር ሙሉ ተፉ። ናኦሚ ጣታቸውን ወግታ ለካችና መሣሪያውን ሰጠቻቸው። አዴ ሲንቄ ወደ ብርሃን አዞሩት። ቁጥሩን የነገራቸው የለም፤ በገዛ ዓይናቸው አነበቡት። መቶ ሠላሳ።

«ዋቃ ኮ፣ አምላኬ!» አሉ እንባቸው እየወረደ። «ይህን ያህል በድዬው፣ ሥጋዬ ይቅር ይለኛል?»

የተወጋች ጣታቸውን እንደ እንግዳ ሰው ጣት አተኩረው ያዩዋት ጀመር።