እቴ ዘሃራና የበር እንግሊዝኛ

ትኩስ ቀለም የተቀባ የብረት በር ሽታ ዛሬም ቀጥ አድርጎ ያቆመኛል። ሰሞኑን እዚሁ ዐረብ አገር፣ ዑለያ ሰፈር የምሠራበት ሕንጻ ውስጥ፣ የጓሮውን በር ሲቀቡ ሽታው አፍንጫዬን ነካኝና ሺፋ ሰፈር ያለው የልጅነት ቤታችንና እቴ ዘሃራ ፊቴ ላይ ድቅን አሉ።

እቴ ዘሃራ የወሎ ሰው ናት። ሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ፣ ኑሮው ሲመራት ከአሠሪዋ ጠፍታ እኛ ጋ ተጠጋች። ኢቃማ አልነበራትም። ጊዜው ደግሞ በፈረንጆቹ 2013 መጨረሻ፣ መኖሪያ ወረቀት የሌለው ሁሉ የሚታፈስበት ነበር። እናቴ "ወላሂ፣ አባታችሁም ቢሆን ሳይደውል አይከፈትለትም!" ብላ ደነገገች። እንግዳ ደረጃው ላይ ቆሞ ሚስኮል ያደርጋል፣ እኛ እንከፍታለን። ያን ሰሞን ቀለም የተቀባውን የብረት በራችንን የሚያንኳኳ ሰው ጠፋ።

እቴ ዘሃራ እንግሊዝኛን የለቀመችው የአሠሪዎቿ ልጆች ሲያጠኑ አጠገባቸው ልብስ እየተኮሰች ነው። "ቃል ብቻውን አይኖርም የኔ ዓለም፣ ከነጓደኞቹ ያዢው" ትለኛለች። ያስተማረችኝን ደግሞ በተግባር ካላሠራችኝ አትለቀኝም። ታዲያ ተራው የ"ዶር" ሲሆን ጉድ ፈላ! በሩን መንካት ክልክል ነዋ። ቁም ሳጥኑ ላይ ተማርን። "ኖክ ኦን ዘ ዶር" ስትል ቁም ሳጥኑን አንኳኳለሁ፤ "ስላም ዘ ዶር" ስትል የአባቴ ጀለቢያዎች እስኪወዛወዙ አላትመዋለሁ። "አንሰር ዘ ዶር" ማለት ለሚያንኳኳ ሰው መክፈት ነው ስትለኝ ግን ክርክር ገጠምኳት።

"በር ምን ጠይቆ ነው የሚመለስለት?"

"እኔ ምን አውቄ! ባለቤቶቹን ጠይቂ" ብላ በፍንጭት ጥርሷ ሳቀች። እንዴት እወዳት ነበር!

አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ፣ እናቴ ገበያ ሄዳ ሳለ፣ በሩ ተደበደበ። ስልክ አልጮኸም። ከዚያ "ያ ዘሃራ! ያ ዘሃራ!" የሚል የሲቃ ድምፅ ሰማን። የመናዊቷ ጎረቤታችን ኡም ሳሊም ነበረች፤ ባሏ ሥራ ላይ እያለ ምጥ ይዟታል። እቴ ዘሃራ በሩን ከፍታ ደገፈቻትና ወዲያው አባያዋን አጠለቀች።

"ኧረ እቴ፣ ኢቃማ የለሽም!" አልኳት።

"ታዲያ ሕፃኑ ኢቃማ እስካወጣ ይጠብቅ?"

ታክሲ ይዘው ሹመይሲ፣ ሆስፒታሉ ጋ ሄዱ። ሴትዮዋን አስገብታ ስትመለስ መንገድ ላይ ወረቀት ተጠየቀች። ኸላስ፣ በዚያው ቀረች። እናቴ "ምነው እኔ በነበርኩ!" እያለች ደረቷን መታች። አባቴ ሻንጣዋን እስር ቤት አደረሰላት፤ ብዙም ሳይቆይ ወደ አገር ቤት አሳፈሯት።

ከሳምንታት በኋላ ከኮምቦልቻ ደወለች። እንዴት እንደገባች፣ ምን እንደምትበላ ልጠይቃት ስል ቀደመችኝ።

"ምን ወለደች?"

ለካ ሳታውቅ ነው የተያዘችው። "ሴት" አልኳት።

እልልታዋን አቀለጠችው። ስልኩን ይዤ ወደ ጎረቤት ሮጥኩ። ኡም ሳሊም ስልኩን ተቀበለችኝና እልልታው እስኪያበቃ ድረስ የሕፃኗ ጆሮ ላይ ያዘችው።