«መጥቷል» ያልኩት ቁልፍ

ባለፈው ሰኞ አሁን በምሠራበት ቤት አዲስ የተቀጠረች ልጅ የጻፈችውን ፕሮግራም እንዳየው ላከችልኝ። አንዲት መስመር ላይ ስደርስ ሳቄ መጣ። በሃያ ሦስት ዓመቴ፣ እዚሁ ባሕር ማዶ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ያችኑ መስመር ጽፌ ነበር። ሳቄ ግን ብዙ አልቆየም።

ያኔ ለሦስት ወር ሙከራ የተቀጠርኩበት ትንሽ መሥሪያ ቤት ለአዛውንቶች የሚሆን አፕ ይሠራ ነበር። የሐኪም ቀጠሮ ያለው ሰው ስልኩን ነክቶ ቫን ይጠራበታል። የኔ ሥራ በሰው ጣት ፈንታ አፑን እየነካካ የሚፈትሽ ፕሮግራም መጻፍ ነበር። ችግሩ ማሽን ከስክሪኑ ይፈጥናል። ቁልፉ ሳይመጣ ሊነካው ይሄድና «የለም» ብሎ ይወድቃል። ስለዚህ መጠበቅ ልታስተምረው ይገባል። አስተማሪው ደግሞ እኔ! ቤት እስኪመታልኝ የማልታገሥ፣ አንዱን ግጥም ሳልጨርስ ሌላ የምጀምር፣ ቀይ መብራት ሲይዘኝ እግሬ የሚንቀጠቀጥ ሰው።

አለቃዬ ሰናይት እዚሁ አገር ያደገች፣ ቀልደኛ ሴት ነበረች።

«ሁለት ሴኮንድ፣ ሦስት ሴኮንድ እያልክ አትቁጠር» አለችኝ። «በተኑ፣ ቁልፉ፣ እስኪታይ ዌይት አድርግ። እስኪኖር አላልኩም፤ እስኪታይ።»

«ካለ ይታያላ!»

«አይ ገጣሚው! ሰው ሲጠራህ ‹መጣሁ!› ትል የለ? የት ሆነህ ነው?»

«አልጋ ውስጥ።»

«በቃ፣ በተኑም እንደዛ ነው። መጣሁ ይላል፤ ገና ሱሪ አልለበሰም።»

ሳቅን። የገባኝ መሰለኝ።

ሙከራዬ የሚያበቃው ዓርብ ነበር። በዚያ ቀን አለቆቹ ፊት ፈተናዎቹ ሁሉ አረንጓዴ ካላበሩ አፑ አይወጣም፤ እኔም አልቀጠርም። ረቡዕ ከሰዓት ሌላው ሁሉ ሲያልፍ «መኪና ጥራ» የሚለው ቁልፍ ብቻ አንዴ ያልፋል፣ አንዴ ይወድቃል። መንጋጋዬ እስኪደክም ዳቦ ቆሎ ቆረጠምኩ። በመስኮቱ ቅጠል ሲረግፍ አየሁና ስለ ቅጠሉ ሁለት ስንኝ ጀምሬ ሰረዝኩ። በመጨረሻ «እስኪታይ» የሚለውን አጥፍቼ «እስኪኖር» አልኩት፤ ቁልፉ ለዓይን ባይታይም ውስጥ ካለ ማሽኑ ያልፋል። ሁሉም አረንጓዴ ሆነ። ለሰናይት አልነገርኳትም።

ሐሙስ ጠዋት ከወንዙ ማዶ አሌክሳንድሪያ ሄድኩ፤ ላንድማርክ የሚባለው ሰፈር፣ ጋሽ በላይ ዘንድ። የአባቴ ወዳጅ ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ታክሲ ነድተው ዓይናቸው ሲደክም መኪናቸውን የሸጡ። አፑን ቀድመው ከሚሞክሩት ጋር ያስመዘገብኳቸው እኔ ነኝ፤ እንዴት እንደሆነላቸው ላይ ነው የሄድኩት። ቤልትዌዩ፣ ከተማውን የሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ተጨናንቆ ስለነበር ድልድዩን የተሻገርኩት ብቻዬን እየተሳደብኩ ነው። ስደርስ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ኮፍያቸውን ደፍተው፣ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ስልኩን አፍንጫቸው ሥር ይዘውታል።

«ምን እየጠበቁ ነው ጋሼ?»

«መኪና ጥራ የሚለውን ነዋ! ዓይን ሐኪም ጋ ቀጠሮ አለኝ። ሁለት ወር የጠበቅሁት።»

አየሁት። ነጭ ስክሪን፣ መሀሉ ላይ የምትዞር ክብ። ቁልፉ ከክቧ ሥር እንዳለ አውቃለሁ፤ ትናንት ማሽኑ አግኝቶታል።

«አለ እኮ ጋሼ፤ መጥቷል።»

«መጣ?» ስልኩን ዘረጉልኝ። «እንግዲያ አንተ ወጣቱ ንካው። እኔማ የማላየው ዓይኔ ብሶበት ነው ብዬ ስሰጋ ነበር።»

የምነካው ነገር አልነበረም።

በኔ መኪና ወሰድኳቸው። ዘግይተን ደረስንና ጸሐፊዋ ሌላ ቀን ሰጠቻቸው። ስንመለስ እየነዳሁ ሳለ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «አይዞህ፣ ዓይኔ ወዴት ይሄዳል» አሉኝ። እሳቸው እኔን ሊያጽናኑ!

ዓርብ ጠዋት መስመሯን ወደ «እስኪታይ» መለስኳት። አለቆቹ ፊት ቀይ በራ።

«ትናንት ግሪን አልነበረም እንዴ?» አለች ሰናይት በጆሮዬ።

ያደረግሁትን ለሁሉም ጮክ ብዬ ተናገርኩ። እሷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አጣች። አፑ እስኪስተካከል እንዲቆይ ተወሰነ፤ እኔ ተሰናበትኩ። ያሰናበቱኝ ቀዩን ስላበራሁ ሳይሆን ረቡዕ በአረንጓዴው ስለዋሸሁ ነው። ልክ ነበሩ። ያን ዓመት ብርዱ እስኪያልፍ ለሰው ቤት ምግብ ሳመላልስ ከረምኩ።

ጋሽ በላይ በኋላ ታከሙ። ምን እንዳደረግሁ ግን እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም፤ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ወሬ ቀይሬያለሁ። ትዕግሥትም ቢሆን ያኔ የተማርኩት ነገር የለም፤ አሁንም ይህን ስጽፍ ሦስት ጊዜ ተነሥቼ ተቀምጫለሁ። የተለወጠው አንድ ነገር ነው፤ በዓይኔ ያላየሁትን መጥቷል ብዬ መጻፍ እፈራለሁ። ግጥሞቼም ከዚያ ወዲህ ቁጥራቸው ያነሰው በዚህ ይመስለኛል።