ቁርቁራው ሥር

ሻርጃ መሃል ከተማ የነበረን ክፍል አንድ መስኮት፣ ስድስት አልጋና አሥራ አራት ሻንጣ ነበረው። አልጋዎቹ የእኛ የስድስታችን ናቸው፤ ሻንጣው ግን የእኛ ብቻ አልነበረም። ሰው ቤት የሚሠሩ የአገሬ ልጆች ማዳማቸው ቤት ዕቃ ማከማቸት አይሆንላቸውም። ትንሽ ትንሽ እየገዙ እኔ ዘንድ ያስቀምጣሉ። ዕረፍት ሲያገኙ ይመጡና ከፍተው ያዩታል፣ አጣጥፈው ይመልሱታል፣ ይሄዳሉ። እኔ ዱባይ፣ አል ቁዝ ሰፈር ቢሮ የማጸዳ ሰው ነኝ፤ ቤት ስገባ ግን የሻንጣ ዘበኛ ነበርኩ። ማንም አልሾመኝም። ከሁሉም ቀድሜ ክፍሉን የያዝኩት እኔ ስለሆንኩ ቁልፉ እኔ ጋ ቀረ፣ በቃ።

ከሻንጣዎቹ አንዱ ቀይ ነው፣ አንድ ጎማው የተሰበረ። ባለቤቱ የወሎ ልጅ ናት። በአሥር ዓመት ስለምበልጣት «እትዬ» ነው የምትለኝ። የምትሠራው ሐታ ነው፣ ተራራው ሥር። ማዳሟ ክፉ ሴት አይደለችም ትላለች፤ እሷ ደሞ ማንን ክፉ ብላ ታውቃለች። አንድ ቀን የማዳሟን ሕፃን ትታ ስልክ ስታወራ ተገኘች ተብሎ ስልኳ እንደተወሰደ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ከእናቷ ጋር የምታወራው በማዳሟ ስልክ ነው፣ ማዳሟ አጠገቧ ቆማ። የምትወጣው በዓመት ሁለት ቀን ብቻ ነው። ማዳሟ ለኢድ ሻርጃ እናቷ ቤት ስትመጣ ይዛት ትመጣለች፤ በኢድ ማግስት ከዙህር ሶላት እስከ አስር ሶላት ትለቃታለች፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ሐታ ይመለሳሉ።

በእነዚያ ሦስት ሰዓታት የምናደርገው ያው ነው። ሮላ ገበያ ልብስ ቤት ሄደን ለልጇ አንድ ቀሚስ እንገዛና ቀዩ ሻንጣ ውስጥ እናስገባለን። ልጇ አገር ቤት አያቷ ዘንድ ናት። ስትለያት የአራት ዓመት ልጅ ነበረች፤ በየኢዱ ቀሚሱ ከፍ እያለ ሄደ። ከታች ያለው የአሻንጉሊት ነው የሚመስለው። እስኪ አሁን ይሄ ለማን ሊሆን ነው፣ ሳይጠባት ላኪላት እንጂ ብዬ ስንቴ ተናግሬያለሁ። አንድ ላይ ይዤው እገባለሁ ትለኛለች። ሁለት ዓመት ብቻ ሠርቼ እገባለሁ ያለችው ሌላ ሁለት ዓመት ሆነ፣ ደግሞ ሌላ። እኔም መናገሬን ተውኩ።

ሰፈሩ ሊታደስ ነው ሲባል ደስ ብሎኝ ነበር። እውነቴን ነው፣ ዋላሂ። ፍሳሹ ይፈነዳል፣ ኤሲው ሰው አናት ላይ ይንጠባጠባል፣ አይጡ ድመት አይፈራም። አሮጌዎቹን የባሕር ድንጋይ ቤቶች ሊጠግኑ ነው፣ የእግረኛ መንገድ ሊያነጥፉ ነው ተባለ፤ አነጠፉም። መብራት ተተከለ፤ ከሥራ ስመለስ ቦርሳዬን ደረቴ ላይ ሳልይዝ መሄድ ጀመርኩ። ይሄንን ሳልናገር ባልፍ ውሸታም መሆኔ ነው።

ቀጥለው የሱቆቹን ታፔላ ቀየሩ። ሁሉም አንድ ዓይነት ቡናማ ሰሌዳ ሆነ፣ በላዩ ወርቃማ ጽሑፍ። አየሁት፣ ያምራል አልኩ፣ አለፍኩ። የዚያን ጊዜ ኢድ የወሎዋ ልጅ በሰዓቷ አልመጣችም። አንድ ሰዓት ጠበቅሁ፤ ሁለተኛው ሊያልቅ ሲል በሩ ተንኳኳ። ላብ በላብ ሆናለች፣ ዓይኗ አብጧል። ለካ የእኔ ነገር፣ ማንበብ እንደማትችል ረስቼዋለሁ። መንገዱን የምታውቀው በታፔላ ነበር፤ ትልቁ የፕላስቲክ አናናስ ካለበት ጭማቂ ቤት ትታጠፋለች፣ ዓሣ የተሣለበትን ሱቅ ታልፋለች፣ ትደርሳለች። አናናሱም ወርዷል፣ ዓሣውም ወርዷል። ያንኑ መንገድ አምስት ጊዜ ዞራዋለች። ሰው እንዳትጠይቅ፣ ያለ ማዳሟ ስትዞር አይተው ፖሊስ ይጠሩብኛል ብላ ትፈራለች። ያን ቀን ቀሚስ ሳንገዛ ሰዓቷ አለቀ። አንጀቴን በላችው። ያኔ ገና የሚበላ አንጀት ነበረኝ።

ስሸኛት በራችን ላይ ካለው ዛፍ ሥር አቆምኳት። ትልቅ ነው፣ እሾሃም፣ ከሕንፃው ዕድሜ የሚበልጥ። አዲስ አበባ ያደግሁ ሰው ምን አውቄ፣ ዛፍ ነው የምለው። እሷ ግን የመጀመሪያ ቀን እንዳየችው ይሄማ የእኛ አገር ቁርቁራ ነው ብላ ከመሬት ፍሬውን እየለቀመች በልታለች። ግንዱ ላይ ሰው የልብስ ገመድ የሚያስርበት የዛገ ሚስማር ነበር። ይሄ ምልክታችን ይሁን አልኳት። ታፔላም ይቀይሩ፣ ቤቱንም ያፍርሱት፣ አንቺ ቁርቁራውን ፈልጊ፤ እኔ ሥሩ እጠብቅሻለሁ።

«ባይኖርስ?» አለችኝ።

«ዛፍ ደሞ የት ይሄዳል?» አልኳት።

ብዙ ሳይቆይ ባለ ሕንፃው በሩ ላይ ወረቀት ለጠፈ። ልቀቁ ነው። እኛ ስድስታችን ተበታተንን፤ እኔ አጅማን ቤድ ስፔስ የሚሉትን፣ የአልጋ ብቻ ኪራይ አገኘሁ፣ ተደራራቢ አልጋ፣ የላይኛው። ባለ ሻንጣዎቹን በስልክ እየጠራሁ ዕቃቸውን አስረከብኩ። ቀዩ ቀረ። የት እንደማስቀምጠው ግራ ሲገባኝ አልጋዬ ላይ በግርጌ በኩል አስተኛሁት፤ እግሬን አጥፌ መተኛት ለመድኩ።

ከዚያ ደግሞ ስልኬ ተዘጋ። ሲም ካርዱ የወጣው ድሮ በሠራሁበት ቤት ማዳም ስም ነበር፤ ሴትየዋ አንድ ቀን አዘጋችው፣ ኸላስ፣ አለቀ። አዲስ ቁጥር አወጣሁ። ልጅቷ በቃሏ የያዘችው ግን የድሮውን ነው። የእናቷን ስልክ አላውቀው። ሐታ ሄደሽ ለምን አትፈልጊያትም የሚሉኝ አሉ። አውቶቡስማ ይሄዳል። ወርጄስ? ሁሉም ግቢ ረጅም አጥር ነው፣ የማንን በር ላንኳኳ? ባገኘውስ፣ ይህቺ ማናት ተብሎ ሙሽኪላው፣ ጣጣው የሚወርደው እሷ ላይ ነው። ስለዚህ የቀረን ቁርቁራው ብቻ ነበር።

ሕንፃችንን አፈረሱት። ዙሪያውን በቆርቆሮ አጠሩና በቆርቆሮው ላይ ወደፊት የሚሆነውን ሥዕል ለጠፉ፤ ፏፏቴ፣ ፊኛ የያዙ ልጆች፣ ነጭ ልብስ የለበሱ ሰዎች። ቁርቁራው ከአጥሩ ውጪ ተርፎ ነበር። በኢዱ ማግስት ሻንጣውን እየጎተትኩ ሄጄ ሥሩ ተቀመጥኩ። አልመጣችም። ዘንድሮ ማዳሟ ሌላ ቦታ ሄዳ ይሆናል አልኩና ተመለስኩ።

ከዚያ ሥራው ቆመ። ኮንትራክተሩ ጥሎ ጠፋ ያለም አለ፣ ሥዕሉ ሊቀየር ነው ያለም አለ። ፊኛ የያዙት ልጆች ፀሐይ በልቷቸው ሰማያዊ ሆኑ፤ ጉድጓዱ ውሃ አቆረ። ጭማቂ ቤቱ ደንበኛ አጥቶ ተዘጋ። ልብስ ሰፊው ሄደ፣ ጫማ ጠጋኙ ሄደ። በሚቀጥለው ኢድም ሄድኩ፣ አልመጣችም። ተቀምጬ ውዬ ምን እንዳሰብኩ ብጠየቅ አላውቅም። የጥርስ ሐኪም ሲወጋችሁ ድዳችሁ የእናንተ እንዳልሆነ ይሆን የለ፤ እኔን ደግሞ ከራሴ እስከ እግሬ እንደዚያ ያደርገኝ ጀምሮ ነበር። እሠራለሁ፣ እበላለሁ፣ እግሬን አጥፌ እተኛለሁ።

አንድ ቀን ሥራው እንደገና ተጀምሯል ሲሉ ሰምቼ ላየው ሄድኩ። አጥሩ ወደ ውጪ ተገፍቷል። በቆርቆሮው ቀዳዳ ሳይ ቁርቁራው የለም። ቦታው ላይ ጉድጓድ አለ፣ ሰው ከነቁመቱ የሚውጥ። ቆረጡት አልኩ። ማልቀስ ነበረብኝ መሰለኝ፤ አላለቀስኩም። አውቶቡስ ውስጥ ወንበር አገኘሁና ደስ አለኝ።

ባለፈው ኢድ ሁሉም ተከፍቶ ነበር። ጉድ ነው፣ ያምራል። አጥሩ ተነስቷል፤ የእኛ ሕንፃ በነበረበት ጥንታዊ የሚመስል አዲስ የሱቅ ረድፍ ተሠርቷል፣ መስኮቱ የእንጨት፣ ግድግዳው የአሸዋ መልክ። ጭማቂ ቤቱ ካፌ ሆኖ ተመልሷል። ዛፉ የነበረበትን ለማግኘት ከካፌው በር ጀምሬ እርምጃዬን ቆጠርኩ፤ በስንት እርምጃ ከበራችን እንደምደርስ እግሬ ያውቀዋል። ጉድጓዱ ንጣፍ ለብሷል። እዚያው ላይ ሻንጣውን አቁሜ ቆምኩ። ዙህር ሆነ። ሰው ፎቶ ይነሳል፣ ሕፃናት ይሯሯጣሉ፣ የካፌው አስተናጋጅ ከነሻንጣዬ ገልመጥ ያደርገኛል። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ጥላ ያለው ከሱቆቹ ማዶ ነው፤ ልሂድ አልኩና ተውኩት። ከቦታዬ ከተነቃነቅሁ ታልፈኛለች። ውሃ መግዛት እንኳ ፈራሁ። ሦስት ሰዓት ሙሉ አንድ ንጣፍ ላይ ቆምኩ። አስር ሶላት ተጠራ። በቃ አልኩ። አልተናደድኩም፣ አላዘንኩም። እግሬ ብቻ አብጦ ነበር።

አውቶቡስ ማቆሚያውን አዛውረውት ስለነበር በሱቆቹ ጀርባ ዞሬ መሄድ ነበረብኝ። ከማዶ አዲስ የመኪና ማቆሚያ አለ። ማቆሚያው አፍ ላይ፣ ዙሪያውን የድንጋይ አግዳሚ ተሠርቶለት፣ ቁርቁራው ቆሟል።

ሌላ ዛፍ መስሎኝ ነበር። ጠጋ ብዬ ግንዱን ሳየው የዛገው ሚስማር አለ። ሥሩን የሚጠርገው ፂሙን ሒና የቀባ ሽማግሌ መገረሜን አይቶ እንደ ባለቤት ፈገግ አለ። እንደ እኔው በተሰባበረ ዐረብኛ፣ ከነሥሩ ነቅለው በክሬን እንዳመጡት፣ ቅጠሉ ረግፎ ሊሞት እንደነበር፣ ውሃ ያጠጣው እሱ ራሱ እንደሆነ ነገረኝ። ከዚያ ሻንጣዬን አየ፣ ፊቴን አየ፣ ሐበሻ ነሽ ወይ አለ። አዎ አልኩት። ከጋሪው ላይ የፌስታል ከረጢት አወጣ።

ለካ ልጅቷን ማዳሟ ያወረደቻት እዚሁ ማቆሚያው ላይ ነው። ገና ከመኪና ስትወርድ ዛፉን አይታ ሮጣ መጣች አለኝ፣ ግንዱን ነካችው፣ ሳቀች። ከዙህር ጀምሮ እዚህች አግዳሚ ላይ ነበረች። ሱቆቹን ዞራ አይታ እንደሆነ ጠየቅሁት። የለም፣ አንዴም አልተነሳችም አለ፤ ውሃ ልስጥሽ ቢላት እንኳ ዓይኗን ከመንገዱ አላነሳችም። አስር ሲጠራ መኪናው ጥሩምባ ነፋ። ይሄን ለእህቴ ብላ ትታው ሄደች። ሌላም ብላለች። ሽማግሌው እንዳለችው አድርጎ ደገመልኝ፤

«ሸጀር ፊ፣ ኡኽት ማፊ።»

ዛፉ አለ፣ እህቴ ግን የለችም ማለቷ ነው።

አዲሱን ቁጥሬን ወረቀት ላይ ጻፍኩለት። ተቀበለኝና እኔ እኮ ይሄ የሸዋል ወር ሳያልቅ አገሬ እገባለሁ፣ ሹግሌ፣ ሥራዬ አለቀ አለኝ። የሆነ ሆኖ ኪሱ ከተተው።

ከረጢቱ ውስጥ ቀሚስ አለ። ያለ እኔ የገዛችው የመጀመሪያው ነው፤ ማዳሟን ተከትላ ገበያ ወጥታ ይሆናል። ዘረጋሁት። ወገቡ ጠበብ ያለ፣ ደረቱ ላይ ስፌት የገባበት፤ የሕፃን ቀሚስ አልነበረም። ሻንጣውን ከፍቼ ከላይ አስቀመጥኩት። ዚፑ እምቢ አለ። ሻንጣው ላይ ተቀመጥኩና በግድ ዘጋሁት። አውቶቡሴ ሲያልፍ አየሁት፣ አልተነሳሁም። ሐታ ለመድረስ ትንሽ እንደቀራት እያወቅሁ፣ ቁርቁራው ሥር እስከ መግሪብ ሶላት ጠበቅኋት።